ፖስተሩን ልጆቹ ይሳሉት

ዛሬ የምጽፈው ሁላችንንም ላያስማማ ይችላል። ኮን ላይ በአንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ፖስተር ሊሠሩ ተነሡ። ጉዳዩ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የሚጠፉ ልጃገረዶች ነገር። ክበቡን የሚያስተባብረው መምህር አማኝ ነውና፣ ከምእመናን ጥቂት ሰዎች መጥተው ልጆቹን እንዲያግዙ፣ ካርቶንና ማርከርም እንዲያዋጡ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱ ግን ከበደ። አንዱ ወንድም «ይህ ፖለቲካ ነው» አለ። ሌላው «የተሰጠን ወንጌል እንጂ መፈክር አይደለም» አለ። ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ፣ «ልጆች ደግሞ ምን ያውቃሉ?» አለ።

እነዚህ ወንድሞች ጌታን የሚወዱ ናቸው። ሁለቱማ በጾምና በጸሎት ከእኔ ይበልጣሉ። በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ፈጥነው «እሺ፣ እናግዛለን» ያሉትም ቢሆኑ ከስሕተት አልዳኑም፤ ወደ እነርሱም እመጣለሁ።

ከፍርሃቱ ልጀምር። «ፖለቲካ ነው» የሚለው ስጋት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ልጅነቱን ያሳለፈው በደርግ ዘመን ነው። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ከፊት እየተያዘ፣ ተማሪ ተሰልፎ፣ ትርጉሙን የማያውቀውን መፈክር ሲያስተጋባ ያደግን ትውልድ ነን። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ስንል ኢምፔሪያሊዝም ሰው ይሁን አገር የሚያውቅ ልጅ በመካከላችን አልነበረም። በዚያው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ አገልጋዮች ታሰሩ። ስለዚህ ልጅ ጽሑፍ ይዞ ሲቆም ስናይ ሆዳችን ይረበሻል። በዚህ ላይ የሰሜን ወሎ ሰው ከ2013 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ያየውን አይቷል። ጦርነቱ ከላሊበላ እስከ ጋሸና፣ ከጋሸናም በኮን በኩል እስከ ጋይንት ድረስ ወጥቶ ወርዷል። ያ በረደ ስንል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሌላ መጣ። በክልላችን ስንት ልጅ ከትምህርት ውጭ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ቀልድ አይደለም። አንድ አባት «ፓስተር፣ ልጄን ምን ውስጥ ልታስገቡብኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልቆጣውም።

ነገር ግን ፍርሃት ለጥንቃቄ ይጠቅማል፤ ለዝምታ ሰበብ ሲሆን ነው የሚበላሸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አትዳር ማለት የየትኛው ወገን ፖለቲካ ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርገዋል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያልደረሰች ልጅ ያገባውን ሰው እስከ ሦስት ዓመት ያሳስረዋል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት። ሕጉ አለ። የጎደለው ሕጉን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቅ አፍ ነው። ምሳሌ 31፥8 የሚፈልገውም ይህንኑ አፍ ነው፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው ተናገሩለት ይለናል እንጂ ዘመኑ እስኪረጋጋ ጠብቁ አይለንም። በኮን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዘመኑ እስኪረጋጋ አትጠብቅም። ጥር ሲደርስ ትዳራለች።

ሁለተኛው ወንድም ያነሣው ጥያቄ በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ሌሊቱን የምንጨርስበት ክርክር ነበር። ወንጌል ይቅደም ወይስ አገልግሎት? ነፍስ ወይስ ሥጋ? ሻማው አልቆ በጨለማ የቀጠልንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ይህን ክርክር ግን እኛ አልጀመርነውም፤ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ታዋቂ ደብዳቤ ልካለች። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ሙግት ከምዕራባውያን ጋር ነው፤ እነርሱ ለልማቱ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራው ግን እጃቸው አልፈታ ብሎ ነበር። አባቶቻችን ሰውን ለሁለት አትክፈሉት አሏቸው። ዛሬ እኛ ያንኑ ሰው ከሌላው ጎኑ እንከፍለዋለን፤ ነፍሱን ወደ ጉባኤ፣ ሥጋውን ወደ ቀበሌ እንልካለን። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኚህን ሰው «ወንጌልን ትቶ ወደ ዓለም ገባ» የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ደግሞስ ጽሑፍን በአደባባይ መስቀል ከየት የመጣ ነገር መሰላችሁ? ዕንባቆም 2፥2ን አንብቡ። እግዚአብሔር ነቢዩን ያየውን በሰሌዳ ላይ ግልጽ አድርጎ እንዲጽፈው ያዘዋል፤ አንባቢው ሳይቸገር አንብቦት እንዲሮጥ። ይህ እኮ ፖስተር ነው! ኢሳይያስ በምዕራፍ 8 ትልቅ ሰሌዳ ወስዶ ሰው በሚያነበው ፊደል እንዲጽፍ ተነግሮታል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 4 በሸክላ ጡብ ላይ ከተማይቱን ስሏል። አንድ የተከበረ ነቢይ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጡብ ላይ ሲስል ያየ የዛሬ ሽማግሌ ምን ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወንጌላውያንም ይህን ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1789 በእንግሊዝ አገር የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ብሩክስ የተባለችን የባሪያ መርከብ ንድፍ አትመው በተኑ። ሥዕሉ ላይ ቀንድ ያወጣ ካፒቴን የለም። የመርከቢቱ ወለል ከላይ ሆኖ ይታያል፤ በወለሉ ላይ ከ480 በላይ ሰዎች እንደ ተከመረ ማገዶ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። በቃ። ልኩና ቁጥሩ። ያንን ወረቀት ሰዎች በቤታቸው ግድግዳ ለጠፉት፤ በመጠጥ ቤቶችም ተሰቀለ። ሳያነብ ያለፈው ሰው እንኳ አይቶት አለፈ፤ ካየው በኋላ ደግሞ አላየሁም ማለት አልቻለም። ዊልበርፎርስና ጓደኞቹ በፓርላማ ሲሟገቱ ቆይተው ንግዱ በሕግ የታገደው በ1807 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ። እነዚያ ሰዎች በጸሎት የታወቁ ነበሩ፤ ጸሎታቸው ግን ወረቀት ከመለጠፍ አላገዳቸውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። «ልጆች ምን ያውቃሉ?»

በዚህ አገር የድሮ ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ሲባል ሰምተን አድገናል። እረኛ ማን ነው? ልጅ ነው። መኳንንቱ አፋቸውን ሲለጉሙ፣ ሽማግሌው ሲያድበሰብስ፣ በሜዳ ከብት የሚጠብቀው ልጅ በዘፈኑ እውነቱን ያወጣዋል ተብሎ ይታመን ነበር። መጽሐፍ ቅዱሳችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለሶርያው የጦር አለቃ ለንዕማን ፈውስ የት እንዳለ የነገረችው ተማርካ የመጣች ብላቴና ናት (2ኛ ነገሥት 5)። በመቅደስ ልጆች ሲጮኹ ካህናቱ ተቆጡ፤ ጌታ ግን ልጆቹን አላስቆመም (ማቴዎስ 21)። እኛ ከየትኞቹ ጋር መቆም ነው የምንፈልገው?

ኮን ደግሞ ተራ ቦታ አይደለችም። ያለችው በዋድላ ነው። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ የሚጠራበት ስም ነው። እኛ ወንጌላውያን ብንሆንም የዚህ ምድር ልጆች ነን፤ ጎረቤቶቻችን ያቆዩትን ጸጋ ባናመሰግን ንፉግ እንሆናለን። በዚህ አገር ሰው በጥቂት ቃል ሰምና ወርቅ ይናገራል። ባለሥልጣንን ሳይሰድብ ይወቅሳል፤ ዘመዱን ሳያዋርድ ይመክራል። ለዚህ አገር ልጅ ከሥልጠና ሰነድ የተገለበጠ መፈክር ይዘን መሄድ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ደግሞ እኛ የማናውቀው ነው። ከጥር ሠርግ በኋላ ማን ወደ ክፍል እንዳልተመለሰች ያውቃሉ። የት እንደ ሄደች፣ ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት ምን ያህል እንዳለቀሰች፣ ለማን እንደ ነገረች ያውቃሉ። ርእሰ መምህሩ «አቋርጣለች» ብሎ በመዝገብ ያሰፍራል፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ግን ሌላ ቃል አላት።

እንግዲህ ወደ እናንተ፣ «እሺ» ወዳላችሁት ወገኖች ልምጣ። እናንተን ይበልጥ እፈራችኋለሁ።

የተለመደውን ታውቁታላችሁ። ፕሮጀክት ይመጣል፤ ባነር ከተማ ወርዶ ይታተማል፤ ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሪፖርት ይጻፋል። ባነሩ ላይ «ያለ ዕድሜ ጋብቻን በጋራ እንከላከል!» ይላል። ይህን የሚቃወም ማን ነው? ልጁን በነገው ሳምንት የሚድረው አባት ራሱ አጨብጭቦ ይሄዳል። ማንን ነው የሚጠይቀው? ምን እንዲያደርግ? መቼ? «በጋራ» የተባለ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። ልጆቹ ያንን ባነር ሲይዙ አፋቸው ተወስዶ የትልቅ ሰው አፍ ተተክሎላቸዋል። በደርግ ጊዜ ከተሸከምነው ሰሌዳ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የተሳሳተ ሥዕል የሚያደርሰውን ጉዳት አንርሳ። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበረ። በየግድግዳው የራስ ቅልና አጥንት የተሳለበት ፖስተር ይለጠፍ ነበር። የሣሉት ልጆች በጎ አሳብ ነበራቸው፤ ሰው በሽታውን እንዲፈራ ነው የፈለጉት። ያስተማረው ግን ታማሚውን መፍራት ነው። የሞት ሥዕል የተለጠፈበት ሰው ሊመረመር አይሄድም፤ ጎረቤቱም ከቡና ስኒው ይሸሻል። በቤተ ክርስቲያንም ተጠጋግቶ መቀመጥ የቀረበት ጊዜ ነበር። ያንን መገለል ለማስወገድ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ በቤቱ ያየ ያውቀዋል።

ወሎዬ ደግሞ ስለ ሥዕል ኃይል ከማንም በላይ ሊያስተምር ይችላል። በ1965 ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። ጥቅምት 1966 ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ያን ጊዜ ነቃ። እስከዚህ ድረስ ሥዕሉ ለተራበው ሰው ሠርቷል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ግን ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 1977 ላይ፣ ያው ደርግ የአብዮቱን በዓል በአዲስ አበባ በባንዲራና በግዙፍ ሥዕሎች ሲያከብር ወሎ እንደገና በረሃብ እያለቀ ነበር፤ የቆሬም ሥዕል ለዓለም የወጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። የተራበውን ሰው ሥዕል ለዙፋን የተጠቀመበት መንግሥት፣ ዙፋኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሥዕሉን አልወደደውም። አንድን ፖስተር ስታዩ «እውነት ነው ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ለማን ይሠራል?» በሉ።

እንግዲህ ልጆቹን እንዴት እናግዝ? መጀመሪያ ስለ ዓይን ልናገር። በጥንታዊው የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሁለት ሆኖ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ላስታ ያለ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ አይሄድም። ለሥዕሉ ሥርዓቱ ነው፤ እኔ አልከራከርም። በፖስተር ላይ ግን ይህን ልማድ እንዳንወስደው እፈራለሁ። ልጁን ያለ ዕድሜዋ የሚድረውን አባት አንድ ዓይና አድርገን ከሳልነው ዋሽተናል። ያ አባት «ቆማ ቀረች» እንዳይባልባት ይፈራል። መንገድ ላይ እንዳትጠለፍ ይፈራል። በሌሎች ሠርግ የበላውን ብድር መመለስ አለበት፤ ከጥሩ ቤተሰብ ጋር መዛመድ ይፈልጋል፤ ድህነቱም አለ። ኃጢአቱን አናቃልልም፤ ግን ሁለት ዓይን አለው። አንዳንድ ጊዜም ከእኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲሄድ (2ኛ ሳሙኤል 12) ጭራቅ ስሎ አላሳየውም። አንዲት ትንሽ በግ ስለነበረችው ድሃ ተረከለት፤ ንጉሡ ራሱ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጣቱ ወደ እርሱ የዞረው። የሠለጠነ ባለቅኔ ሥራ ነው።

የኮኑ መምህር ይህን ሳያነብ ያወቀው ይመስለኛል። ልጆቹን የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ሳሉ አላቸው። አንዲት ልጅ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ዴስክ ሳለች። በግራና በቀኝ ሁለት ልጃገረዶች አሉ፤ መካከሉ ባዶ ነው። ሁለቱ ልጆች ሰፊ ቦታ እያላቸው አልተስፋፉም፤ ጥግ ጥጋቸውን ይዘዋል። ከሥሩ «ቦታዋን አልወሰድንባትም» ብላ ጻፈች። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አይቶት ቆመ፤ ምን እንደሚል ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ሲነበብለትም ዝም ብሎ ቆየ። አንድ ወንድ ልጅ ደግሞ የሠርግ ዳስ ሳለ። ሰው ሞልቶ ይበላል፤ ሞሰቡ ላይ ያለው ግን እንጀራ አይደለም፤ ደብተር ነው። «ድግሱ ስንት ደብተር በላ?» ይላል። ሊያግዝ የመጣ አንድ ወገናችን ይህን «ሕገ ወጥ ድግስ ይቁም!» በሚል ሊያርመው ብድግ አለ። እባካችሁ! ልጁ ቅኔ ሰጣችሁ፣ እናንተ ደንብ ልትመልሱለት ትፈልጋላችሁ?

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሥዕሉ ደካማ የሆነውን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ቆመዋል። እግራቸው ከገላቸው አይመጣጠንም፤ አንደኛው ዘንጉ ከቤቱ ይበልጣል። ጽሑፉ «አባቶች፣ መጀመሪያ ዕድሜዋን ጠይቁ» ይላል። አያችሁት? ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ለጋብቻ የሚላኩትን ሽማግሌዎች ነው። ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈልግ ያውቃል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። መቼ? ከደጃፉ ከመግባታቸው በፊት። አይሳደብም፤ «አባቶች» ብሎ በአክብሮት ይጠራቸዋል። በዚህ አገር ሽማግሌ እንቢ ካለ ጋብቻው አይሄድም። ሽማግሌው ኦርቶዶክስ ይሁን ሙስሊም ይሁን የእኛ ሰው፣ ያንን ሥዕል ካየ በኋላ ዕድሜዋን ሳይጠይቅ ቢገባ ለኅሊናው ይቸግረዋል። ሚሊዮን ብር የወጣባቸው ባነሮች ያላገኙትን በር የሰባተኛ ክፍል ልጅ አገኘው።

የእኛ እገዛ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቃሉን አንስጣቸው፤ ፊደሉን እናሳያቸው። ከአሥር እርምጃ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ ገበያተኛ አያነበውም፤ ስለዚህ በእርሳስ ቀጭን አድርጎ የጻፈውን በማርከር እንዲያወፍረው ንገሩት። ማርከር ከሌለ ከሰል አለ። ሥዕሉ አንድ ይሁን፤ ቃሉ ከስድስት ሰባት አይብለጥ። የአገሩን ዝናብና ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ሳምንት አይቆይም፤ ጣራ ያለበት በረንዳ ፈልጉ። ፊደል ከገደፈ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ ያርመው። «ይህን በዓይንህ አይተሃል?» ብላችሁም ጠይቁ። አላየሁም ካለ ያየውን ይሳል። ይህ ትንሽ ጥያቄ ዘጠነኛውን ሕግ ያስተምረዋል፤ በሐሰት አለመመስከርን።

ልጁን ለአደጋ ላለማጋለጥ ደግሞ ጥብቅ እንሁን። የተዳረችው ልጅ ስሟ አይጻፍ፤ መልኳ፣ ቤቷ፣ የአባቷ በቅሎ እንኳ እንዳይታወቅ። የሚያውቋት ሁሉ የሚለይዋት ሥዕል ለእርሷ ሁለተኛ ጉዳት ነው። የሳለው ልጅ ስምም ከግድግዳው ላይ ባይኖር ይሻላል። ርእሰ መምህሩ ይወቅ፤ ወላጅ ይወቅ። በአሁኑ ጊዜ የታጠቀ ሰው ስለሚጣላበት ጉዳይ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ልጅ ፖስተር እንዲሠራ የሚገፋ ትልቅ ሰው ቢኖር እርሱ የልጁን ደረት ጋሻ እያደረገ ነውና በግልጽ ተቃወሙት። ደግሞ አደራ፣ ልጆቹን ፖስተር አስይዛችሁ ፎቶ አንስታችሁ በፌስቡክና በቴሌግራም አትበትኑ። ለጋሽ ቢጠይቅም አትላኩ። «ለክብሩ ነው» የምትሉ ከሆነ ክብሩ የማን እንደ ሆነ በጸሎት አረጋግጡ።

አንድ የቀረ ተቃውሞ አለ፤ በስልክ የነገረኝ ወንድም ነው። «ፓስተር፣ ይለጥፉታል፣ ማታ አንዱ ይቀድደዋል፣ ልጆቹ ተስፋ ይቆርጣሉ» አለኝ። ሊቀደድ ይችላል። ያ ባዶ ዴስክ የሚያስቆጣው ሰው በከተማው አይጠፋም። ኤርምያስ 36ን አብረን አነበብን። ባሮክ በነቢዩ ቃል የጻፈውን ክርታስ ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ፣ ምድጃው እየነደደ፣ በተነበበለት ቁጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው፤ ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ። ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ለምነውት ነበር፤ አልሰማቸውም። ከዚያ በኋላ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ አንሥቶ ለባሮክ ሰጠው። ቁጥር 32ን ስናነብ ወንድሜ ሳቀ፤ በሁለተኛው ክርታስ ላይ የተቃጠለው ሁሉ ዳግመኛ ተጽፏል፤ እርሱን የሚመስል ሌላ ብዙ ቃልም ተጨምሮበታል።